ሰው የማታስተኛዋ ላንድሮቨር

መኪና ስገዛ ሳልጠይቅ የቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ሞተሩ ጠይቄአለሁ። ስለ ማርሹ ጠይቄአለሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ከሥሯ ገብቼ ሻንሲዋን በመፍቻ እያንኳኳሁ የተበየደ ቦታ ፈልጌአለሁ፤ ጎማዎቿን እንደ በግ ላት ጨብጬ አይቻለሁ። «ይቺ መኪና እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ኖረች?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ይኸው አርጅቼም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ክው እላለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ከሸዋ ተነስቼ ነቀምቴ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ከየገበያው ቡና እየሰበሰብኩ ለትልልቅ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። በበቅሎና በሰው መኪና ስንከራተት ቆይቼ፣ ትንሽ ሲጠራቀምልኝ የራሴን ለመግዛት ቆረጥኩ። ሰው አንዴ ከቆረጠ ጆሮው እንደሚደነቁር ያኔ አላውቅም ነበር።

በከተማው ውስጥ አሮጌ መኪና እየጠገነ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚሰባብር ሰው። ግቢው ውስጥ ሁለት ላንድሮቨሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛዋ አጭር ናት፤ ሁለት በር፣ የሸራ ጣሪያ፣ ከኋላ ጉልበት ለጉልበት የሚያጋጩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ሁለተኛዋ ረጅም ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ቀለሟ ነጭ፣ በሮቿ ብቻ በአዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ። የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ወለሏ ልሙጥ ሆኗል። ከወለሉ ግራና ቀኝ አራት የብረት ቀለበቶች ተበይደዋል። የጆንያ ማሰሪያ መስለውኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። «የቀድሞው ባለቤት ቡና ነጋዴ ነበር ማለት ነው» አልኩ፤ ሳልጠይቅ ራሴ መለስኩት።

ጣሊያኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አጭር ግዛ» አለኝ። «አጭር ጭቃ ይወጣል። አንተ ወጣት። ሚስት የለም፣ ልጅ የለም። ረጅም ምን ያደርጋል?»

ሚስት የለም ማለቱ አንገበገበኝ። በዚያው ሰሞን ሚስት ፍለጋ ላይ ነበርኩ፤ እንዲያውም ፍለጋው አልቆ ነበር። ባኬ ጃማ ሠፈር፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ስፌት የምትማር የሲሬ ገጠር ልጅ አግኝቻለሁ። አክስቷ ጎረቤቴ ናቸው። ልጅቷ ያን ሰሞን ስፌቱን ትታ፣ ሆዱን ተቀዶ ሆስፒታል የተኛ ታላቅ ወንድሟን ታስታምም ነበር። እኔም «እንዴት አደረ?» እያልኩ በየቀኑ ብርቱካን ይዤ እመላለሳለሁ። በሽተኛው እሱ ቢሆንም ብርቱካኑ ለማን እንደመጣ ሦስታችንም እናውቃለን። ወላጆቿ ዘንድ ሽማግሌ እንድልክ የፈቀደችልኝ እዚያው ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነው።

ታዲያ ሽማግሌዎቼን በመኪና፣ ያውም በረጅም መኪና ልሰድ በልቤ ቆረጥኩ። ድንገት ላስደንቃት ብዬ መኪናዋን ለልጅቷ እንኳ አላሳየኋትም። ረጅሟ ከአጭሯ ዋጋዋ ዝቅ ማለቱም አላስጠረጠረኝም፤ ጣሊያኑን ያታለልኩት መስሎኝ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቁልፉን ተቀበልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ተረቱን የማውቀው ለሌላ ሰው ለመተረት ብቻ ነበር። መኪናዋን እየነዳሁ ሳልፍ የከተማው ሰው ቆም ብሎ አየኝ፣ «የበረከት ያድርግልህ» አለኝ፣ ሌላ ነገር የተነፈሰ የለም። በኋላ ስጠይቃቸው ሁሉም «የምታውቅ መስሎን» አሉ።

ለሽምግልናው የመረጥኳቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ያገሬ ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች። ሦስተኛው የዚያው አካባቢ፣ የጉቶ ጊዳ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው የሚጥም፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ኦቦ ብዬ የምጠራቸው። የልጅቷ ወላጆች የሚናገሩት ኦሮምኛ ስለሆነ ያለ ኦቦ ነገሩ አይሆንም። ደንቡ ደግሞ ሽማግሌ አባወራው ወደ እርሻው ሳይወጣ፣ በማለዳ ደጅ ላይ መቆም አለበት ነው። በዚያ ላይ ወሩ ሰኔ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ከወረደ መንገዱ የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ ዶሮ ሲጮህ ተነሳን። ሦስቱም ነጫጭ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ኦቦ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ከኋላ ባነጠፍኩላቸው ምንጣፍ ላይ ቀለበቶቹን ጨብጠው ተቀመጡ።

ሲሬን አልፈን ወደ ገጠሩ ታጠፍን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ኦቦ ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ መኪናዋን እዚህ ተዋትና በእግራችን እንሂድ።»

«ለምን ኦቦ?»

«ሊለምን የሚሄድ ሰው በእግሩ ሲሆን ነው የሚያምርበት።»

«ጭቃውን አያዩም እንዴ? ታዲያ መኪና ምን ልሁን ብዬ ገዛሁ!»

ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ያን ዕለት ጌታ ነኝ። ማርሽ ቀይሬ ወንዙን ተሻገርኩ። የቤቱ አጥር ብቅ ሲል ደስታው አላስችል ብሎኝ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋሁ።

አንዲት ሴት ከበሩ ብቅ አለች። መኪናዋን አየች። ከጎኔ የተቀመጡትን ነጭ ለባሽ ሽማግሌ አየች። ከዚያ የወጣው ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ኢልማ ኮ! ኢልማ ኮ!» ልጄ፣ ልጄ ማለቷ ነው። መቀነቷን ፈታ ጣለች። በሁለት እጇ ጉንጮቿን ከላይ እስከ ታች ነጨቻቸው፤ ደሙ ሲወርድ ከመኪናው መስታወት በስተጀርባ ሆኜ አየሁ። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ወደቀች። ከየጎጆው ሰው እየጮኸ ወጣ። አባትየው ከበረቱ በኩል እየሮጠ መጣና መኪናዋን ሲያይ ባለበት በጉልበቱ ተንበረከከ። ሁለት ጎረምሶች አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላው በር ሄዱ፤ በቀስታ ከፈቱት፤ አስከሬኑን ሊያወርዱ ነው። ያገኙት ግን ሁለቱን ያገሬን ሽማግሌዎች ነው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ቀለበቱን እንደጨበጡ።

እኔ መሪውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፣ ማጥፋቴ ብቻ ገብቶኛል። ኦቦ ዘለው ወረዱና «ጂራ! ጂራ! አለ፣ በሕይወት አለ!» ብለው ጮኹ። ማን ሊሰማቸው! መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነዋ፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ነጭ ለብሶ። መርዶ ነጋሪም ሲጀምር «ደህና ነው፣ አለ፣ ትንሽ ጠናበት እንጂ» ብሎ ነው። ስለዚህ ኦቦ «አለ» ባሉ ቁጥር ልቅሶው ይብስ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ እውነቱ በተነገረ ቁጥር ሰው የበለጠ ደረቱን ይደቃል።

ልቅሶው ጋብ ሲል ኦቦ ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው ነገሩን አስረዱኝ። ረጅሟ መኪና የሆስፒታሉ ነበረች። ድኖ የወጣ ሰው በእግሩ ወይም በአውቶቡስ አገሩ ይገባል። ያቺ ነጭ መኪና ገጠር ድረስ የምታመጣው በእግሩም በአውቶቡስም መሄድ የማይችለውን ነው። አራቱ ቀለበቶች የቃሬዛ ማሰሪያ ናቸው። ነቀምቴ ላይ የሆስፒታል መኪና ናት፤ ከወንዙ ወዲህ ግን ማንም ሰው ሌላ ጉዳይ ይዛ ስትመጣ አይቷት አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ አባቴን በሚያህሉ ሰው ላይ።

«ለጋብቻ በማለዳ ወጥተን የሞት ነገር በአፌ ልጥራ?» አሉኝ። «ወንዙ ጋ ልቤ ፈራ። ተዋት አልኩህ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ቀረህ።»

አንደኛው ሰውዬ ክፉ ነገር በማለዳ አይጠራም ብሎ ዝም አለ፣ ሌላኛው ጫማው በጭቃ እንዳይነካ ብሎ አልሰማ አለ፤ በመሃል አንዲት እናት ፊቷን ነጨች።

እናቲቱ ማንንም አላመነችም። ልጄን በዓይኔ ካላየሁ አለች። በመኪናዋ እንውሰድሽ ቢሏት እንደ እባብ ሸሸቻት። በባዶ እግሯ፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ ሲሬ ሄደች፤ ከሲሬ አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔም መኪናዬን እዚያው ጥዬ ከኋላዋ ተከተልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ጉንጯን እያየ «ማን ሞተባት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልመልስ? በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሆስፒታል ስንገባ ልጇ አልጋው ላይ ተቀምጦ ገንፎ ይበላል። የእናቱን ፊት ሲያይ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«ሀርሜ፣ ማን ነው የሞተው?» አላት። ሀርሜ የወለጋ ሰው እናቱን የሚጠራበት ነው።

ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ጣት ዳበሰችው። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሏ በጥፊ አጮለችው። ከዚያ አቅፋው እዬዬ አለች። ልጅቷ ከአልጋው ማዶ ቆማ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «በየትኛው መኪና ነው የሄዳችሁት?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰችልኝም፤ ብርቱካኑንም ወንድሟ ብቻውን በላው።

ሽማግሌዎቼ ለሁለተኛ ጊዜ የሄዱት ከሲሬ ጀምሮ በእግራቸው ነው። አባትየው እሺ አለ። እናትየው ግን አንድ ነገር አለኝ አለች፤ በዚያች መኪና ሴት ልጄ አትወሰድም፣ መኪናውን እኔ ራሴ እመርጣለሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በቀጠሮዋ ቀን ነቀምቴ መጣች፤ ወደ ጣሊያኑ ግቢ ይዣት ገባሁ። አጭሯ እንደቆመች ናት፤ የወደዳት ገዢ አልነበረም።

መካኒክ ሁሉ ሞተር ከፍቶ ያያል። እሷ ሞተሩን ዞር ብላም አላየችው። የኋላውን ሸራ ገለጠችና ከአግዳሚው ጫፍ እስከ በሩ በክንዷ ለካች። ሦስት ክንድ አልሞላም። አንዴ አልበቃትም፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ወደ ፊት መጥታ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ከፊቷ ያለውን የብረት እጀታ በሁለት እጇ ያዘች፤ ወዘወዘችው።

«ይቺ ሰው አታስተኛም» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሰው ካልተቀመጠ በዚች አይሄድም። ልጄን በዚች ውሰድ።»

ጣሊያኑ ከኋላችን ሆኖ፣ «እኔ አላልኩም? አጭር ግዛ አላልኩም?» እያለ ጭኑን ይመታል። አጭሯን ስገዛ ረጅሟን በገዛሁበት ዋጋ አልተቀበለኝም፤ አልተከራከርኩትም።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዬን በአጭሯ ይዤ ወንዙን ስሻገር አማቴ ሴቶቹን ሁሉ ሰብስባ ወንዙ ዳር ድረስ አወረደቻቸው። «በዚህ መንገድ ያለቀስኩትን ልቅሶ የሚያጥበው እልልታ ብቻ ነው» ብላ ደነገገች፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አጭሯ መኪና ያን ወንዝ በተሻገረች ቁጥር እልል ይባላል። እንዲሁም ሆነ። ጨው ይዤ ስመጣ እልል፣ ስኳር ይዤ ስመጣ እልል፣ ባዶ እጄን ስመጣም እልል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይጀምሩታል፣ ሽቅብ እየሮጡ ለቤቱ ያቀብሉታል። አፍሬ አፍሬ በመጨረሻ ለመድኩት።

የሚስቴ ወንድም ደግሞ የራሱን ልቅሶ ታሪክ ጠላ በጠጣ ቁጥር ያነሳዋል። ማን ደረቱን እንደመታ፣ ማን በሐሰት እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ጠይቆ ይዟል። «እኔ በቁሜ ወዳጅና ጠላቴን የለየሁ ሰው ነኝ» ይላል። እኛም እንስቃለን። አማቴም ትስቃለች፣ ስትስቅ ጉንጯ ላይ የቀሩት ጠባሳዎች ይሸበሸባሉ። እኔን በሳመችኝ ቁጥር እነዚያ ጠባሳዎች ጉንጬን ይነኩኛል። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ እስትንፋስ እያጠራት፣ እግሯ እያበጠ መጣ። ሆስፒታል አስገባናት፤ በአጭሯ፣ ተቀምጣ። ሁለት ሳምንት ተኝታ ተሻላት፣ አገሯ ትግባ ተባለ። ነርሷ፣ «መንገዱ ያደክማታል፤ በእኛ መኪና ጋደም ብላ ብትሄድ ይሻላል» አለችኝ። የሆስፒታሉ አዲስ መኪና ደጅ ላይ ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ረጅም ነው። አማቴ መኪናውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ተቀምጬ መጣሁ፣ ተቀምጬ እገባለሁ።»

መከራከር ነበረብኝ። አልተከራከርኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። ያችን የመሰለች መኪና ዳግመኛ ያን ወንዝ ስትሻገር ከማይ ዓይኔ ይጥፋ ብያለሁ።

ሚስቴ አራስ ስለነበረች ቀረች። አማቴ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እጀታዋን ያዘች። የሚስቴ ወንድም ከኋላ፣ ለሠፈሩ ልጆች የገዛውን የሸንኮራ አገዳ እስር ታቅፎ ተቀመጠ። እስከ ሲሬ ድረስ ስታወራ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ አራሷ ገንፎ በደንብ እንድትበላ። ከሲሬ ስንታጠፍ ጭንቅላቷን ወደ በሩ ዘንበል አደረገች። እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ጉድጓዱን እየሸሸሁ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ከኋላ ሸንኮራው ሲቆረጠም ይሰማኛል።

ወንዙ ውስጥ ስንገባ ሁልጊዜ እጀታውን ጠበቅ አድርጋ ትይዝ ነበር። ያን ዕለት እጇ ጭኗ ላይ እንደወደቀ ነው። «ሀርሜ፣ ወንዙ ጋ ደረስን» ብዬ እጇን አንስቼ እጀታው ላይ ላስይዛት ሞከርኩ። ጣቶቿ አልጨበጡም። እጇ ቀዝቅዟል። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ዓይኖቿ በከፊል ተከፍተው መንገዱን ያያሉ።

መኪናዋን ወንዙ መሃል አቆምኳት።

«ምነው፣ ሞተሩ ውሃ ገባው እንዴ?» አለ የሚስቴ ወንድም ሸንኮራውን እያኘከ። ከኋላ ሆኖ የሚያየው ሻሿን ብቻ ነው።

የኦቦ ቃል መጣብኝ። መኪናዋን እዚህ ተዋትና በእግራችን እንሂድ። ኦቦ በሕይወት የሉም፣ ድምፃቸው ግን ልክ እንደዚያን ማለዳ ክርኔን ነካኝ። አሁን ገባኝ፤ እዚህ ቆሜ፣ ከኋላ ላለው ልጇ በቀስታ ነግሬ፣ ሰው ልኬ፣ ሽማግሌ አሰባስቤ፣ እስኪነጋ ጠብቄ፣ እንደ ደንቡ ማርዳት ነበረብኝ። «ስማኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ ልጀምር? «ደህና ናት፣ አለች፣ ትንሽ ጠናባት እንጂ»?

በዚያች ቅጽበት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ቀና አሉ። አጭሯን መኪና አወቋት። በመስኮቱ አማቴን አዩዋት፤ ተቀምጣ፣ ሻሿን አስራ።

«ቴሴ ዱፍቴ! ቴሴ ዱፍቴ!» ተቀምጣ መጣች ማለታቸው ነው። እልልታውን አቀለጡት። እንስራቸውን ጥለው ሽቅብ ሮጡ። ልጠራቸው እጄን በመስኮቱ ሳወጣ እነሱ ዳገቱን ጀምረዋል። የሚስቴ ወንድም ሸራውን ገልጦ አንድ ሸንኮራ እያውለበለበ አብሯቸው እልል አለ።

ማርሽ አስገባሁና ዳገቱን ወጣሁ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። ሠፈሩ በሙሉ አጥሩ ጋ ወጥቷል፤ በዚያ በሽምግልናው ማለዳ ደረታቸውን ሲመቱ ያየኋቸው ሴቶች እጃቸውን እያጨበጨቡ መኪናዋን ከበቧት። የሚስቴ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እየሳቁ፣ የእሷን በር ሊከፍቱላት መጡ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። እሷን አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እንደዚያን ጊዜ በጉልበታቸው አልተንበረከኩም። እጃቸው በሩ ላይ እንደቀረ ቆመው ጠበቁኝ።

ሴቶቹ ገና አላወቁም። ሞተሩን ካጠፋሁ መናገሬ ነው። እልልታው እስኪያልቅ አላጠፋሁትም።